ዶክቶር ኤድዋርድስ ዴሚንግ፤ የሥራን ሥርዓት የመረመሩ ሊቅ

በመሥሪያ ቤት ሥራ ሲበላሽ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው ያበላሸው ሰው ነው። ደብዳቤ ቢጠፋ የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ ሒሳብ ቢዛባ ሒሳብ ያዡ ይጠራል፤ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ከበድ ያለ እንደ ሆነም ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ከዚህ በኋላ ነገሩ እንደ ተፈጸመ ተቆጥሮ ሁሉም ወደየጠረጴዛው ይመለሳል። ሆኖም ሦስት ወር ሳይሞላ ሌላ ደብዳቤ ይጠፋል፤ ሌላ ሒሳብ ይዛባል። የተቀጣው ሰው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ በቦታው አዲስ ሰው ቢተካም መጥፋቱና መዛባቱ አይቀርም። ይህን የመሰለውን ነገር ያላየ ወጣት ሠራተኛ ይኖራል ብዬ አልገምትም።

ዛሬ ታሪካቸውን በአጭሩ የምንተርክላቸው አሜሪካዊው ዶክቶር ዊሊያም ኤድዋርድስ ዴሚንግ ረጅም ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ይህንኑ ነገር በመመርመር ነው። ሙያቸው ስታቲስቲክስ ነበረ። የኮምፒዩተር ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን በዘመናችን የኮምፒዩተር ሶፍትዌር የሚጽፉ ድርጅቶች የሥራቸውን ሂደት ለማሻሻል የሚከተሉት ዘዴ ከሥሩ ሲመረመር ወደ እሳቸውና ወደ አስተማሪያቸው ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ዴሚንግ የተወለዱት ኦክቶበር 14 ቀን 1900 በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት ሱ ሲቲ በተባለች ከተማ ነው። ገና ልጅ ሳሉ ቤተ ሰባቸው መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ ተጓዘና በዋዮሚንግ ግዛት ፓወል በምትባል አዲስ መንደር ሰፈረ። የመጀመሪያው ቤታቸው ቅጥራን በተቀባ ወረቀት የተሸፈነች ጎጆ ነበረች፤ የዋዮሚንግም ክረምት ብርቱ ነው። እናታቸው ሙዚቃ በማስተማር ጥቂት ገንዘብ ያገኙ ነበር። ልጁም ከትምህርት ቤት መልስ በሆቴል ቤት እንጨትና ከሰል እየተሸከመ፣ የመንደሪቱን የመንገድ መብራቶች እያበራ የበኩሉን ይረዳ ነበር። ዴሚንግ ካደጉ በኋላ ብክነትን እንደ ነውር የቆጠሩት ከዚህ አስተዳደግ የተነሣ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም አልቃወማቸውም።

ትምህርታቸውን በሦስት ቦታ ተከታትለዋል። በ1921 ከዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቁ፤ ከዚያ ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛውን ዲግሪ፣ በ1928 ደግሞ ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብና በፊዚክስ የዶክቶርነቱን ማዕረግ አገኙ። በትምህርት ላይ ሳሉ በበጋው ዕረፍት በቺካጎ አጠገብ በሚገኘው ሆውቶርን በተባለ የስልክ መሣሪያ ፋብሪካ ተቀጥረው ነበር። በዚያ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ በቁራጭ ሥራ ሒሳብ እየተከፈለው ይሠራል፤ በመጨረሻው ላይ ተቆጣጣሪ ይቆምና የተበላሸውን ከደኅናው ይለያል። ለተበላሸው ዕቃ የወጣው ድካም ሁሉ ከንቱ ይቀራል ማለት ነው። ወጣቱ ዴሚንግ ይህን አይተው አልረሱትም።

በ1927 የተዋወቁት ሰው የሕይወታቸውን አቅጣጫ ለወጠው። ይህም ሰው በቤል የስልክ ኩባንያ የምርምር ክፍል የሚሠራው ዋልተር ሹሐርት ነው። ሹሐርት ሜይ 16 ቀን 1924 ለአለቃው አንዲት ገጽ የምታህል ማስታወሻ ጽፎ ነበረ፤ በገጿም ላይ አንድ ሥዕል ነበረባት። ብዙ ትልልቅ መጻሕፍት ያላመጡትን ለውጥ ይህች ገጽ አምጥታለች። የሥዕሉን ነገር ሳንረዳ የዴሚንግን ሥራ ልንረዳ ስለማንችል ጥቂት ላብራራው።

ከሽሮ ሜዳ እስከ ፒያሳ በየጠዋቱ በታክሲ የሚመላለስ አንድ ተማሪ አለ እንበል። መንገዱ አንድ ቀን ሃያ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ቀን ሠላሳ፣ ሌላ ቀን ሠላሳ አምስት ይፈጅበታል። ልዩነቱ ከምን መጣ ቢባል አንድ ምክንያት አይገኝለትም፤ ተሳፋሪው፣ የመንገዱ መጨናነቅ፣ የሾፌሩ ጠባይ፣ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። በአንድ ቀን ግን ጎማ ይፈነዳና ጉዞው ሰባ ደቂቃ ይሆናል። ይህኛው ግልጽ የሆነ የራሱ ምክንያት አለው። ሹሐርት በሒሳብ አስልቶ ያሳየው ፊተኛውን ልዩነት ከኋለኛው ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል ነው። ይኸውም የየቀኑን ውጤት በነጥብ እያመለከቱ ከላይና ከታች ሁለት የወሰን መስመሮችን ማስመር ነው። ነጥቡ ከወሰኑ ውስጥ ከዋለ ልዩነቱ የሥርዓቱ ነው፤ ከወሰኑ ከወጣ ግን ልዩ ምክንያት ስላለው ሄዶ መፈለግ ይገባል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሰው ግን በየቀኑ ሁለቱን ያምታታል። ተማሪው ሠላሳ አምስት ደቂቃ በፈጀበት ቀን ሾፌሩን ቢሳደብ የሥርዓቱን ልዩነት የሰው ጥፋት አድርጎታል። ጎማው በፈነዳበት ቀን ደግሞ መንገዱ ዱሮም እንዲሁ ነው ብሎ ቢያልፍ ሊታረም የሚችለውን ነገር ትቶታል። ከሁለቱ የሚብሰው ፊተኛው ነው የሚል አስተያየት አለኝ፤ ምክንያቱም ፊተኛው ስሕተት ሰውን ይጎዳል።

ዴሚንግ በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ውስጥ እየሠሩ የሹሐርትን ትምህርት በትጋት አጠኑ። በ1936 ወደ ለንደን ተሻግረው በዘመኑ ከታወቁት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ከፊሸርና ከኔይማን ዘንድ ተማሩ። በ1938 ሹሐርትን ወደ ዋሽንግተን ጋብዘው ተከታታይ ንግግር ካስደረጉት በኋላ ንግግሩን ራሳቸው አርመው በ1939 በመጽሐፍ አሳተሙለት። የአስተማሪውን ንግግር አርሞ ለማሳተም የሚደክም ተማሪ ብዙ አይደለም።

በ1939 ወደ ሕዝብ ቆጠራው መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። ይህ የሕይወታቸው ክፍል ብዙ ጊዜ በአጭሩ ይታለፋል፤ ለርእሳችን ግን ከጃፓኑ ታሪክ ያላነሰ ነው። በ1940 የተቆጠረው የአሜሪካ ሕዝብ 132 ሚሊዮን ያህል ነበረ። ቆጣሪዎች በብዕር የሞሉት ቅጽ ሁሉ በየሰዉ ወደ ካርድ መገልበጥ ነበረበት፤ ካርዱን በመሣሪያ የሚበሱ ብዙ ጸሐፊዎች ተቀጥረዋል፤ የተበሳውን ካርድ መኪና እያነበበ ይደምራል። የዛሬው የኮምፒዩተር ሥራ አያት ይህ ነው ብንል አንሳሳትም። ስሕተት እንዳይገባ ሲባል አንዱ የበሳውን ካርድ ሌላው ይመረምር ነበር፤ በዚህም አንዱ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ዴሚንግ ያደረጉት የየጸሐፊውን ስሕተት ቆጥሮ በሹሐርት ሥዕል ላይ ማስፈር ነው። አዲስ የተቀጠረ ጸሐፊ በመጀመሪያ ስሕተቱ ብዙ ነው፤ የሚወጣና የሚወርድም ነው። እየለመደ ሲሄድ ስሕተቱ ያንስና በአንድ መጠን ይረጋል። እንግዲህ ስሕተቱ አንሶ የረጋውን ጸሐፊ ካርዶች ሁሉ መመርመር ለምን ያስፈልጋል? ከካርዶቹ በናሙና ጥቂቱን ማየት ይበቃል። ያልረጋውን ጸሐፊ ሥራ ግን ሙሉ በሙሉ መመርመርና ምን እንደ ቸገረው መጠየቅ ይገባል። በዚህ አሠራር ብዙ መርማሪዎች ወደ ሌላ ሥራ ተዛወሩ፤ ቆጠራውም በቶሎ ታትሞ ወጣ። በዚያው ቆጠራ ከሕዝቡ አምስት በመቶ ለሚሆነው ብቻ ተጨማሪ ጥያቄዎች በናሙና ተጠይቀዋል፤ ይህም በአገሪቱ የቆጠራ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። አሠራሩ ቁጥጥርን አላላ ብለው የተከራከሩ አልጠፉም፤ ነገር ግን ቁጥጥሩን ያኖረው በሚያስፈልግበት ቦታ ነበረ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ዴሚንግና ባልደረቦቻቸው ለጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች መሐንዲሶች የስታቲስቲክስ ትምህርት ሰጡ። ትምህርቱ በብዙ ሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ደረሰ፤ ውጤቱም ታየ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ግን ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ከየፋብሪካው ግድግዳ ተነሡ። የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራውን ሁሉ ዓለም ይገዛው ስለ ነበረ ስለ ጥራት የሚጨነቅ አልተገኘም። ዴሚንግ በኋላ ራሳቸውን የወቀሱበት አንድ ነገር አለ፤ ያስተማሩት መሐንዲሶችን እንጂ የኩባንያ አስተዳዳሪዎችን አልነበረም። ሥርዓቱን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ካልተማረ ሠራተኛው መማሩ ምን ይጠቅማል?

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳሉ ነው ጃፓን የጠራቻቸው። በ1947 ለሕዝብ ቆጠራ ዝግጅት ሄደው የተቃጠሉትን ከተሞች አይተዋል። በ1950 ግን የጋበዛቸው የጃፓን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ማኅበር ነበረ። በዚያ ጊዜ የጃፓን ዕቃ ርካሽና ቶሎ የሚሰበር በመባል በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ዴሚንግ ለመሐንዲሶቹ የስምንት ቀን ትምህርት ሰጡ፤ የዱሮው ስሕተት እንዳይደገም ግን አስተዳዳሪዎቹን ካላነጋገርኩ አሉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኢቺሮ ኢሺካዋ ጥሪ አድርጎ ጁላይ 13 ቀን 1950 በቶክዮ ሃያ አንድ የታላላቅ ኩባንያ ፕሬዚዳንቶች ለእራት ተሰበሰቡ። ፋብሪካው ከፈረሰበት፣ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ከሚመጣለት አገር ሰዎች ፊት ቆመው ይህ እንግዳ በአምስት ዓመት ውስጥ ዕቃችሁን ዓለም ይፈልገዋል ብለው ተናገሩ። ያመኗቸው ስለመሆናቸው እንጃ፤ የሚያጡት ነገር ስላልነበራቸው ግን ሞከሩት።

ከሁሉ ይልቅ የሳባቸው በሰሌዳ ላይ የሣሉት አንድ ሥዕል ነው። በአንድ ወገን ጥሬ ዕቃ አቅራቢው፣ በመካከል ፋብሪካው፣ በሌላ ወገን ገዢው ሕዝብ ይታያል፤ ከገዢውም ተነሥቶ ወደ ዕቃው ንድፍ የሚመለስ መስመር አለ። ሥራ ማለት ይህ ዙሪያው በሙሉ ነው፤ ከቁራጩ አንዱን ብቻ ይዞ ማሻሻል አይቻልም። ከዚህ ጋር ሊሠሩ ያሰቡትን ማቀድ፣ በትንሹ መሞከር፣ ውጤቱን ማጥናት፣ ከዚያም ማጽናት ወይም መተው የሚለውን ዙር አስተማሩ። ጃፓኖቹ ዙሩን በዴሚንግ ስም ጠሩት፤ እሳቸው ግን የሹሐርት ነው እያሉ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያርሙ ነበር።

የንግግራቸው ጽሑፍ በመጽሐፍ ሲሸጥ የሚደርሳቸውን ገንዘብ ለማኅበሩ ሰጡ፤ ማኅበሩም በዚያው ገንዘብ መነሻነት በስማቸው የጥራት ሽልማት አቋቁሞ ከ1951 ጀምሮ ይሰጥ ጀመር። በ1960 በንጉሠ ነገሥቱ ስም የቅዱስ ሀብት ኒሻን ተሸለሙ። እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል መታከል ያለበት አንድ ነገር አለ። ጃፓንን ዴሚንግ ብቻቸውን አላነሷትም። ጆሴፍ ጁራን የተባለው ሌላ ሊቅ በ1954 ሄዶ አስተምሯል፤ ከሁሉ በላይ ግን ትምህርቱን ወስደው በየፋብሪካው የዘሩት፣ የጨመሩበትና ያሳደጉት እንደ ካኦሩ ኢሺካዋ ያሉት የራሷ ልጆች ናቸው።

ነቢይ በአገሩ አይከበርም እንደ ተባለው ሁሉ ዴሚንግ በአሜሪካ ሠላሳ ዓመት ያህል ሰሚ አጡ። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ፣ በዋሽንግተን በቤታቸው ምድር ቤት ባለች ቢሮ ከአንዲት ጸሐፊ ጋር ይሠሩ ነበር። ጁን 24 ቀን 1980 ኤንቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ጃፓን የቻለችውን እኛ ለምን አቃተን የሚል ጥያቄ ያነሣ ፊልም ሲያሳይ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት የቀራቸው እኒህ ሽማግሌ ታዩ። በማግሥቱ ስልካቸው ዕረፍት አጣ። ብዙ ገንዘብ እየከሰረ የነበረው የፎርድ መኪና ኩባንያም ካስጠሯቸው አንዱ ነው። የፎርድ ሰዎች የመኪናን ጥራት ይነግሩናል ብለው ሲጠብቁ እሳቸው ስለ አስተዳደር ይጠይቋቸው ጀመር። በ1986 ፎርድ በትርፍ ከአሜሪካ መኪና ሠሪዎች ሁሉ በለጠ።

በዚህ ዘመን ለአራት ቀን በሚሰጡት ትምህርት ላይ የሚያሳዩት አንድ ጨዋታ ነበራቸው። በአንድ ሣጥን ውስጥ አራት ሺህ ዶቃ አለ፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶው ነጭ፣ ስምንት መቶው ቀይ ነው። ከአዳራሹ ስድስት ሰዎች ሠራተኛ ሆነው ይቀጠራሉ፤ አለቃው ራሳቸው ዴሚንግ ናቸው። ሠራተኛው ሃምሳ ጉድጓድ ያለውን ማንሻ ከሣጥኑ ነክሮ ሃምሳ ዶቃ ያወጣል። ደንበኛ የሚፈልገው ነጭ ብቻ ስለ ሆነ ቀዩ እንደ ብልሽት ይቆጠራል። አንዱ ስድስት ቀይ ያወጣል፤ ይመሰገናል፤ ደመወዝ ይጨመርለታል። ሌላው አሥራ አራት ያወጣል፤ በሰው ፊት ይገሠጻል። በማግሥቱ የተመሰገነው አሥራ ሁለት፣ የተገሠጸው ሰባት ያወጣል። አለቃው ምስጋናው አበላሸው፣ ተግሣጹ አረመው ይላል። መፈክር ይለጠፋል፤ ውጤት የለም። በመጨረሻ ሦስቱ ደካሞች ይባረሩና ጎበዞቹ ሦስቱ ብቻ ይቀራሉ፤ ቀዩ ዶቃ ግን ያው ነው። አዳራሹ በሣቅ ይሞላል፤ ሣቁም ቀስ እያለ ይበርዳል፤ ምክንያቱም የሚስቀው ሁሉ መሥሪያ ቤቱን ያስታውሳል። ሣጥኑን የሞላው አለቃው ሆኖ ሳለ የሚጠየቀው ማንሻውን የያዘው ነው። ዴሚንግ በሥራ ላይ ከሚታየው ችግር ዘጠና አራት በመቶ ያህሉ የሥርዓቱ ነው ብለው ይገምቱ ነበር። ስለዚህም ሠራተኛን በየዓመቱ እየመዘኑ ደረጃ መስጠትን፣ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል መፈክርንና በቁጥር የሚጣል ኮታን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ ፍርሃት ባለበት ቤት ትክክለኛ ቁጥር አይገኝምና። በአነጋገራቸው ቁጡ ነበሩ፤ የኩባንያ ፕሬዚዳንቶችን በሰው ፊት እንደ ተማሪ ይገሥጹ ነበር። ፍርሃትን አስወግዱ የሚል መምህር ሰውን ማስፈራቱ የሚያስገርም ነው።

አሁን ወደ ሶፍትዌር እንመለስ። ለኮምፒዩተር የሚጻፈው የትእዛዝ ድርሰት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ራስ ምታት ሆኖ ነበረ፤ ጊዜው ያልፋል፣ ወጪው ይበዛል፣ ስሕተቱ አያልቅም። በ1968 በጀርመን አገር በጋርሚሽ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ስለዚሁ መከሩ። ያን ጊዜም ቢሆን መድኃኒቱ የተፈለገው ከሰዉ ላይ ነው፤ ጎበዝ ጸሐፊ መቅጠር፣ ሌሊት ማሠራት፣ መቆጣት። በ1984 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በፒትስበርግ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምሕንድስና ተቋም አቋቋመ። በ1986 ከአይቢኤም ጡረታ ወጥቶ ወደዚያ የሄደው ዋትስ ሀምፍሬይ የዴሚንግንና የጁራንን ትምህርት ያጠና ሰው ነበረ። በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ሶፍትዌርም እንደ ማናቸውም ሥራ ሂደቱ ሊለካና ሊሻሻል ይችላል አለ። ከዚህም አምስት ደረጃ ያለው መሰላል ተሠራ፤ በ1991 በይፋ ታተመ። በታችኛው ደረጃ ሥራው በጥቂት ጀግኖች ትከሻ ላይ ነው፤ ጀግናው ሲሄድ ሥራውም ይሄዳል። በሁለተኛው ዕቅድና ጊዜ ይጠበቃል። በሦስተኛው የድርጅቱ አሠራር በጽሑፍ የታወቀ ይሆናል። በአራተኛው አሠራሩ በቁጥር ይለካል። በአምስተኛው ድርጅቱ የራሱን ስሕተት ምክንያት እያጠና አሠራሩን ያለማቋረጥ ያድሳል።

በ1989 አምስተኛው ደረጃ ላይ ደርሷል ተብሎ የተመሰከረለት በሂዩስተን የጠፈር መንኮራኩርን ሶፍትዌር ይጽፍ የነበረው የአይቢኤም ክፍል ነው። ድርሰቱ አራት መቶ ሺህ መስመር ያልፍ ነበር፤ የሰውም ነፍስ በእሱ ላይ ነበረ። በዚያ ክፍል ስሕተት ሲገኝ ሥራው ስሕተቱን በማረም አያበቃም ነበር፤ ይህ ስሕተት እንዴት አመለጠን፣ ከእሱ ጋር የሚመሳሰል ሌላስ የት ይኖራል ተብሎ አሠራሩ ራሱ ይታረም ነበር። የጻፈው ሰው ስም ግን ለቅጣት አይጠራም ነበር። ከካርድ በሺዎቹ ጸሐፊዎች እስከዚህ ያለው መንገድ ሃምሳ ዓመት ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ሶፍትዌር ዶቃ አይደለም። ፋብሪካ አንዱን ዕቃ ሺህ ጊዜ ይሠራል፤ ሶፍትዌር ጸሐፊ ግን በየጊዜው የሚጽፈው አዲስ ነገር ነው፤ መገልበጡማ ለኮምፒዩተር የአፍታ ሥራ ነው። ስለዚህ የሹሐርትን መስመር እንዳለ ወስዶ በሶፍትዌር ላይ ማስመር የሚያከራክር ነገር ነው። ሁለተኛው ችግር ይብሳል። የአሜሪካ መንግሥት ሥራ ሲሰጥ የኩባንያውን ደረጃ መጠየቅ ስለ ጀመረ ብዙዎች መሰላሉን የወጡት ለምስክር ወረቀቱ ሲሉ ነበር፤ አሠራራቸውን ሳያሻሽሉ መደርደሪያቸውን በሰነድ ሞሉ። ሰውንና ድርጅትን በቁጥር ደረጃ መመዘንን እንደ በሽታ ይቆጥሩ ከነበሩት ሊቅ ትምህርት የደረጃ ምስክር ወረቀት መውጣቱ የታሪክ ቀልድ ነው። በ2001 በዩታ ግዛት የተሰበሰቡ አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ሰዎች ይህን የሰነድ ክምር ተቃውመው ሌላ መንገድ አወጡ፤ እነሱም ቢሆኑ ቡድኑ በየጊዜው ተቀምጦ ሥራውን እያጠና አካሄዱን እንዲያርም ማዘዛቸውን አልተዉም። ይህ ደግሞ የዚያው የዕቅድና የጥናት ዙር ነው።

የዚህ ወንዝ አንድ ጅረት ወደ አገራችንም ደርሷል። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች አሠራር ካደገባቸው ሥሮች አንዱ የ1950ው ትምህርት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በጃፓን መንግሥት እርዳታ ከ2009 ጀምሮ በተመረጡ ፋብሪካዎች ሞክሮት በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰሌዳና መፈክር አይተናል። ሰሌዳው ላይ የሚሰፍረው ቁጥር እውነት ከሆነ መልካም ነው፤ መፈክሩን ግን ዴሚንግ ቢያዩት ያወርዱት ነበር።

ዶክቶር ዴሚንግ ከማስተማር የቀራቸውን ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን የሚዜም ሙዚቃ በመድረስ ያሳልፉ ነበር። በ1932 ያገቧት ባለቤታቸው ሎላ፣ ራሷ የሒሳብ ሰው የነበረች፣ በ1986 አረፈች። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጤናቸው ቢደክምም ትምህርቱን አላቋረጡም፤ ሊሞቱ ጥቂት ቀናት እስኪቀራቸው ድረስ ያንኑ የዶቃ ሣጥን ይዘው ይዞሩ ነበር። ዲሴምበር 20 ቀን 1993 በዋሽንግተን በቤታቸው ሲያርፉ ዕድሜያቸው ዘጠና ሦስት ነበረ። የሶፍትዌሩ ባለ አምስት ደረጃ መሰላል ታርሞ ለሁለተኛ ጊዜ በፒትስበርግ የታተመው በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ነው።